የቅዳሜው ኩሽና ይከፈት፦ ለማህበረሰብ ማዕከላችን ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የማዕከላችን የቦርድ ሰብሳቢና የቦርድ አባላት በሙሉ፣

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቅዳሜ ቅዳሜ በማዕከሉ ኩሽና ምግብ ስናበስል በነበርነው በጎ ፈቃደኞች ስም ነው። ኩሽናው ከተዘጋ አምስተኛ ወሩን ያዘ። ሦስት ጊዜ በኢሜይል ጠየቅን። አንድ ጊዜ በአካል መጥተን ቢሮው በር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን። ‹‹ደብዳቤያችሁ ደርሶናል›› የሚል መልስ እንኳ አላገኘንም። ስለዚህ ጉዳዩን በማህበረሰቡ ፊት ማቅረብ ግድ ሆነብን።

ብዕር ያስነሳኝ ግን የበሩ መዘጋት ብቻ አይደለም። ባለፈው ወር የበተናችሁት የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ማስታወቂያ ነው። ወረቀቱ ላይ በአደጋ ጊዜ የተራበ ሰው በማብላት የታወቀው የስፔን ተወላጅ ሼፍ የሆሴ አንድሬስ ፎቶ አለ። ከፎቶው ስር ‹‹በስደት መጥቶ፣ ነግዶ ከብሮ፣ ለወገን የተረፈ›› ይላል። በዚያው ሰሞን በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ስለ ኩሽናው ጥያቄ ተነሳ። አንድ የቦርድ አባል ማይኩን ያዙና ‹‹እሱ እኮ የሚያበላው ሀብታም ስለሆነ ነው፤ እኛም አቅማችን ሲጠነክር እናበላለን›› አሉ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔን ግን ከፋኝ። የሰውየው ታሪክ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው የተነገረው። የእኛም በር የተዘጋው በዚያው በተገለበጠ ታሪክ ነው።

ስሙን ካነሳችሁት አይቀር ሕይወቱን ከመነሻው እንየው። ቅሬታችንንም እግረ መንገዴን አነሳለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ሆሴ አንድሬስ የተወለደው በ1969 በሰሜን ስፔን፣ አስቱሪያስ በሚባል የድንጋይ ከሰል አገር ነው። እናቱም አባቱም ነርሶች ነበሩ። እሱ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ባርሴሎና አካባቢ ሄደ። አባቱ በእረፍት ቀናቸው ከቤት ውጭ እሳት አንድደው፣ በሰፊ መጥበሻ ፓኤያ ይሰሩ ነበር። ፓኤያ የሩዝ ምግብ ነው፤ እንደኛ ትሪ ብዙ ሰው ከቦ የሚበላው። የትንሹ ሆሴ ስራ እንጨት መልቀምና እሳቱን መጠበቅ ነበር። እሱ ግን ማማሰሉን ነው የፈለገው። አባቱ አልፈቀዱለትም። አኩርፎ ሄደ። በኋላ ጠሩትና መጀመሪያ እሳቱን መግራት እንዲለምድ፣ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ማብሰል እንደሚችል ነገሩት። ይህን ታሪክ በየመድረኩ ደጋግሞ ያወራዋል። ጉልቻ ዳር ላደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ15 ዓመቱ ባርሴሎና ውስጥ የምግብ ሙያ ትምህርት ቤት ገባ። በዓለም ስሙ የገነነው ኤል ቡሊ ምግብ ቤት ውስጥ በፌራን አድሪያ ስር ሰራ። የግዳጅ ውትድርናውንም በስፔን ባሕር ኃይል ውስጥ እያበሰለ ነው የጨረሰው። ከዚያ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ኒውዮርክ ገባ። በ1993 ደግሞ ወደኛው ዋሽንግተን መጣ። ያመጡት ሰዎች በሰባተኛው ጎዳና ላይ ሃሌዮ የሚባል የስፔን ምግብ ቤት ሊከፍቱ ነበር። እሱን ሼፍ አድርገው ቀጠሩት። ልብ በሉልኝ፤ ተቀጣሪ ነበር። ዛሬ ሰዉ ተሰልፎ የሚበላበት ያ ሰፈር ያን ጊዜ ሲመሽ ጭር የሚል ነበር። የዛን ዘመን የታክሲ ሾፌሮቻችንን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል።

ወደ ዲሲ ሴንትራል ኪችን መሄድ የጀመረው ያኔ ነው። ይህ ኩሽና በ1989 የተጀመረ ነው። ያቋቋመው ሮበርት ኤገር የሚባል የምሽት ክበብ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ለፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (ለአባትየው) በዓለ ሲመት ከተዘጋጀው ድግስ የተረፈውን ምግብ ሰብስቦ ለቤት አልባ መጠለያዎች አደረሰ። ስራው በዚያ ተጀመረ። ቀጥሎ ከመጠለያና ከእስር ቤት የወጡ ሰዎችን ምግብ ማብሰል እያስተማረ ሥራ ማስያዝ ያዘ። ኩሽናው ብዙ ዓመት የቆየው ካፒቶል አጠገብ ባለ መጠለያ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሆሴ እዚያ በበጎ ፈቃድ ገባ። ኋላ የቦርዱ ሰብሳቢ እስከመሆን ደርሷል። ግን ጅማሬው በሰብሳቢነት አልነበረም፤ ከኩሽናው ነው የጀመረው።

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ ያን ጊዜ ሰውየው ሃያ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። በስሙ የሚጠራ ኩባንያ አልነበረውም። የአሜሪካ ዜግነቱን ያገኘው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2013 ነው። ታዲያ ‹‹ሀብታም ስለሆነ ነው የሚያበላው›› የሚለው ከየት መጣ? ማብላቱ ከሀብቱ ቀድሟል።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ይኸው ነው። ‹‹አቅም ሲኖረን›› ተብሎ የተዘጋው ኩሽና በአቅም አልተከፈተም ነበር። በ2020 የጸደይ ወራት የፓርኪንግ ሠራተኞቻችን፣ የሆቴል ሠራተኞቻችንና ሾፌሮቻችን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሥራ አጡ። እኔም ከሆቴል ኩሽና ከተባረሩት አንዱ ነኝ። የመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ድስት ሽሮና አንድ ድስት ጎመን ነበር። እንጀራውን አንዲት እህታችን ከቤቷ ጋግራ አመጣች። በአንድ አሮጌ ኮሮላ ኋላ ጭነን ለ22 ሰው አደረስን። ሁላችንም ያን ቀን ሥራ ፈቶች ነበርን። ኩሽናው ከመዘጋቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ቅዳሜ 140 ሳህን ወጥቷል። በእነዚህ ዓመታት ከማዕከሉ ካዝና የጠየቅነው የጋዝና የውሃ ወጪ ብቻ ነው። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ዘይቱ፣ ጤፉ ከኪሳችንና ከሰዎች ደግነት ነው የመጣው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ኩሽናውን ከዘጋችሁ በኋላ በወር አንዴ የሚታደል ካርቶን ጀምራችኋል። ሐሳቡን አንጠላም። ግን ካርቶኑን ከፍታችሁ አይታችሁታል? የታሸገ በቆሎ አለው። የለውዝ ቅቤ አለው። ማካሮኒ በቺዝ አለው። የታሸገ የዶሮ ሾርባ አለው። ይህ የደረሰው በዐቢይ ጾም ነው። ለአረጋውያን ነው የደረሰው።

በየሳምንቱ የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩን። ስማቸውን አልጠራም። ዕድሜያቸው ሰማንያን ሊደፍን ምንም አልቀረው። የአበባ ሥዕል ያለበት የብረት ሳህን ከነክዳኑ፣ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ነው የሚመጡት። የፕላስቲክ ዕቃችንን አይፈልጉም። ሳህኑን ይዘረጉና ‹‹ከታች ቅዱልኝ፣ የድስቱ እንጥፍጣፊ ይጣፍጠኛል›› ይላሉ። ከዚያ ወንበር ስበው ከኩሽናው በር ላይ ይቀመጣሉ። ሽንኩርት የሚከትፉትን ወጣቶች ‹‹እንዲህ አይደለም፣ አድቅቀው›› እያሉ ያርማሉ። ባለፈው ወር ቤታቸው ሄጄ ነበር። ሦስቱም ካርቶን ሳይከፈት ኮሪደሩ ላይ ተደራርቧል። የብረት ሳህኑ ማድረቂያው ላይ ተደፍቷል። ‹‹ምን እየበሉ ነው?›› አልኳቸው። ‹‹ዳቦ በሻይ›› አሉኝ። እሳቸውን ያጎደላቸው ምግቡ ብቻ እንዳልሆነ ለመናገር ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሆሴ አንድሬስ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚናገረው አንድ ገጠመኝ አለ። በጥር 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ እሱ ድስትና ጭልፋውን ይዞ ሄደ። አደጋ ለደረሰባቸው ሰዎች ምግብ የሚያበስለውን ወርልድ ሴንትራል ኪችን የተባለ ድርጅት ከባለቤቱ ከፓትሪሺያ ጋር ያቋቋሙት በዚያ ዓመት ነው። መጠለያ ካምፕ ውስጥ ጥቁር ባቄላ ቀቀለ። በሙያው የታወቀ ሼፍ ነው፤ የሚያውቀውን ነው የሰራው። የሄይቲ እናቶች ቀመሱና እኛ እንዲህ አይደለም የምንበላው አሉት። ባቄላው ተፈጭቶ፣ ለስልሶ፣ እንደ ወጥ ሩዙ ላይ መፍሰስ አለበት። እሱም አልተቆጣም። አብረውት እንዲሰሩ አደረገና እነሱ በሚወዱት መንገድ ተሰራ። ከዚያ ወዲህ በሄደበት ሁሉ የአገሩን ምግብ ከአገሩ ሰው ጋር ማብሰል የድርጅቱ ልማድ ሆነ። ለኛ ሰው ይህን ማስረዳት ድካም ነው። ሽሮ መብላት የለመደን ሰው በማካሮኒ በቺዝ ‹‹ረድቼሃለሁ›› ማለት አይቻልም። ቤት ያፈራውን ማቅመስ ሌላ ነው። ካርቶን ማደል ሌላ ነው።

ሦስተኛው ቅሬታችን ስለ መታወቂያው ነው። ካርቶኑን ለመውሰድ የማዕከሉ የአባልነት ካርድና የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ ይጠየቃል። ይህ ውሳኔ ማንን ከሰልፉ እንዳስወጣ የምታውቁ አይመስለኝም። ገና የመጡትን ነው ያስወጣው። በድንበር አቋርጦ የመጣ አንድ ወጣት አብሮን ነበር። የጥገኝነት ማመልከቻ አስገብቶ የሥራ ፈቃድ እየጠበቀ ነው። መሥራት አይችልም። በስሙ የተፈረመ የቤት ኪራይ ውል የለውም። አንድ ዘመዱ ሳሎን ውስጥ ነው የሚተኛው። እኛ ዘንድ ሲመጣ ወረቀት የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሽንኩርት ሰጠነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ድስት ማጠቡን ተረከበ። በአምስተኛው ‹‹ምስሩን ዛሬ እኔ ልሥራው›› አለ። አሁን ሲያገኘኝ አንገቱን ይደፋል። ‹‹ሄጄ ነበር፣ ካርድ የለህም አሉኝ›› ብሎኛል። ከገዛ ወገኑ ደጃፍ ተመለሰ ማለት ነው።

ማስታወቂያችሁ ላይ ያለው ሰው በዚህ ነገር ጥቅሙን አሳልፎ የሰጠ ሰው ነው። በ2015 በዋሽንግተኑ አሮጌ ፖስታ ቤት ሕንፃ ውስጥ፣ በትራምፕ ሆቴል ትልቅ ምግብ ቤት ሊከፍት ተዋውሎ ነበር። ዶናልድ ትራምፕ ለፕሬዚዳንትነት መወዳደራቸውን ባወጁበት ንግግር ስለ ሜክሲኮ ስደተኞች የተናገሩትን ሲሰማ ከውሉ ወጣ። ብዙዎቹ ሠራተኞቹም ደንበኞቹም ስፓኒሽ ተናጋሪ ስደተኞች ነበሩ። በፍርድ ቤት ተከሰሰ፣ እሱም መልሶ ከሰሰ። ጉዳዩ በስምምነት ያለቀው በ2017 ነው። ስለ ፖለቲካው ማንም የፈለገውን ይበል። ነጋዴ ሆኖ ሳለ አብረውት ድስት ከሚያጥቡት ሰዎች ጎን ለመቆም ዋጋ ከፍሏል። እኛ ከማዕከላችን የጠየቅነው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ለራበው ልጅ ካርድ አትጠይቁ ነው ያልነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሂስፓኒክ የሚባለው ሕዝብ ለኛ እንግዳ አይደለም። በዚህ ከተማ ኩሽናዎች ውስጥ የሰራ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ቢላዋ አያያዝ ያስተማረኝ ኤል ሳልቫዶራዊ ነው። በቅዳሜው ኩሽና ውስጥም ከኤል ሳልቫዶር የመጡ አንዲት ጎረቤታችን ነበሩ። አማርኛ አይችሉም፣ እኛም ስፓኒሽ አንችልም። ግን በርበሬ ሲቁላላ ቀድመው የሚያስነጥሱት እሳቸው፣ ቀድመው የሚስቁትም እሳቸው ነበሩ። ከላይ ያነሳሁት ወጣት የሥራ ፈቃዱ ሲመጣ የት እንደሚቀጠር እንኳ የነገሩት እሳቸው ናቸው። ይህ ሁሉ ግንኙነት ከበሩ ጋር አብሮ ተቆልፏል።

አሁን ወደ ሰጣችሁት ምክንያት ልምጣ። በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ በተለጠፈችው የሁለት መስመር መልእክት ‹‹ከኢንሹራንስና ከፈቃድ ጋር በተያያዘ ኩሽናው ላልተወሰነ ጊዜ ዝግ ነው›› ተብሏል። እውነቱን እንነጋገር። ስጋቱ ውሸት አይደለም። አንድ ጊዜ የጢስ ማንቂያው ጮኾ የእሳት አደጋ መኪና መጥቷል። ያ የእኛ ጥፋት ነበር፤ ዘይት እሳት ላይ ትተን ወጥተን ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አራት ሰዎቻችን የምግብ ደህንነት ፈተና ወስደው የምስክር ወረቀት አግኝተዋል። የማቀዝቀዣው ሙቀት በየቅዳሜው ይመዘገብ ነበር። መዝገቡ አለ። ሁለት የኢንሹራንስ ዋጋ ማቅረቢያ አምጥተን ለቢሮው ሰጥተናል። ማንም አልከፈተውም። ፖስታው እንደታሸገ ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ችግር ሲኖር መዝጋት አንዱ መንገድ ነው። ሌላም መንገድ አለ። ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን በመስከረም 2017 ሲመታ ደሴቲቱ በሙሉ መብራት አልነበራትም። ሆሴ አንድሬስ በቀናት ውስጥ ደረሰ። ከተማው ሳን ሁዋን ውስጥ በአንድ ጓደኛው ሼፍ ምግብ ቤት ተጀመረ። መጀመሪያ የተሰራው ሳንኮቾ ነው፤ ሥራ ሥርና ሥጋ ያለበት ወፍራም ሾርባ። ቀጥሎ ወደ ትልቁ የስፖርት አዳራሽ ኩሽና ገቡ። ከዚያ የትምህርት ቤት ኩሽናዎችን፣ የአብያተ ክርስቲያናትን፣ የጎዳና ምግብ መኪናዎችን ጨመሩ። በጦፈበት ጊዜ በቀን ከ100 ሺህ በላይ ምግብ ይወጣ ነበር። በጠቅላላው ከ3 ሚሊዮን በላይ ምግብ ተሰርቷል። ከመንግሥት የአደጋ መሥሪያ ቤት ጋር በውልና በወረቀት ብዙ ተጨቃጭቋል። ብዙም ተችቷል፤ ተተችቷልም። ጭቅጭቁ እስኪያልቅ ግን ድስቱ አልወረደም። እየተከራከሩ ያበስሉ ነበር። እኛም ከእናንተ ጋር እየተነጋገርን ማብሰል እንችል ነበር። መጀመሪያ በሩ ተቆለፈ፣ ከዚያ ንግግር የሚባል ነገር ጠፋ።

ድስቶቹን ሳነሳ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ሁለቱ ትልልቅ ድስቶች የማዕከሉ ንብረት አይደሉም። የገዛናቸው በዕቁብ ነው። አሥራ ሁለት ሰው በየሳምንቱ እያዋጣ። ባለፈው ዝናብ ሰሞን ጓሮው ውስጥ፣ ከበረዶ መጥረጊያው አጠገብ አገኘኋቸው። ክዳናቸው የለም። አንደኛው ውስጥ ውሃ ተኝቶበት ቅጠል ገብቶበታል። ማማሰያው እንጨት ተሰንጥቋል። የግድግዳው ላይ ዝርዝር ተቀዶ ተጥሏል፤ ማን ጨው አይበላም፣ ማን የስኳር ሕመም አለበት፣ ማን መጥቶ መውሰድ አይችልም የሚል። የ43 ሰው ስም ነበረበት። ለስድስት ዓመት ያህል እየተጨመረና እየተሰረዘ የኖረ ወረቀት ነው። ይህን ያደረገ ሰው በክፋት አድርጎታል አልልም። ምን እንደሆነ አልጠየቀም እንጂ።

ይህ አለመጠየቅ ነው ትልቁ ቅሬታችን። ውሳኔው ሲወሰን አብሳዮቹ አልተጠየቅንም። የሚበሉትም አልተጠየቁም። የዲሲ ሴንትራል ኪችኑ ሮበርት ኤገር ለሆሴ ያስተማረውን፣ ሆሴም በየንግግሩ የሚጠቅሰውን ነገር ላስታውሳችሁ። በጎ አድራጎት ብዙ ጊዜ የሰጪውን ሕሊና ለማሳረፍ ይሠራል፤ መሥራት ያለበት ግን ተቀባዩን ነፃ ለማውጣት ነው የሚል ነው። እኛ ኩሽና ውስጥ የሚበላውና የሚያበላው አይለይም ነበር። ሳህን ይዘው የሚመጡት እናት አስተማሪያችን ነበሩ። ወረቀት የሚጠብቀው ልጅ ድስት አጣቢያችን ነበር። ካርቶኑ ሰልፍ ላይ ግን ሰጪ እዚህ፣ ተቀባይ እዚያ ሆኗል። መሀል ላይ ጠረጴዛ አለ።

ስለ ገንዘብም እናንሳ። ኩሽናውና ከጎኑ ያለው አዳራሽ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠርግና ለልደት እንደሚከራይ ሁላችንም እናያለን። ማዕከሉ ገቢ ያስፈልገዋል፤ የሕንፃው ዕዳ የሁላችንም ነው። ግን ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። በመጋቢት 2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ሆሴ አንድሬስ ዋሽንግተን ያሉትን ምግብ ቤቶቹን ለተለመደው ደንበኛ ዘግቶ ወደ ማህበረሰብ ኩሽናነት ለወጣቸው። ቀጥሎ ወርልድ ሴንትራል ኪችን በመላ አሜሪካ ሊዘጉ ለተቃረቡ ትንንሽ ምግብ ቤቶች እየከፈለ፣ ለተቸገሩ ሰዎች እንዲያበስሉ አደረገ። ከ2,000 በላይ ምግብ ቤቶች ተሳትፈዋል። በአንድ ብር ሁለት ሥራ ተሠራ፤ የተራበው በላ፣ ምግብ ቤቱም ሠራተኛውን ሳያባርር ቆየ። ለኛም የሚሆን መንገድ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በዘጠነኛው ጎዳና ስንት ምግብ ቤት አለን። ሰኞና ማክሰኞ ወንበራቸው ባዶ ነው። አዳራሹ በተከራየበት ቅዳሜ እነሱ ያብስሉ። ከኪራዩ ጥቂት መቶ ዶላር ለሽንኩርትና ለምስር ብትሰጡ፣ ሁለት ባለ ምግብ ቤቶች ጉልበቱን በነፃ ሊሰጡ ቃል ገብተውልናል። ይህንንም በጽሑፍ አቅርበናል።

እናንተ ያተማችሁት ፎቶ ላይ ሰውየው ይስቃል። ስለ እሱ ሳስብ እኔ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሌላ ፊት ነው። ሚያዝያ 1 ቀን 2024 ጋዛ ውስጥ ሰባት የወርልድ ሴንትራል ኪችን ሠራተኞች በእስራኤል የአየር ጥቃት ተገደሉ። ዴር አል ባላህ ከሚገኝ መጋዘን ከ100 ቶን በላይ ምግብ አራግፈው እየተመለሱ ነበር። መኪኖቻቸው ላይ የድርጅቱ ምልክት ነበረበት። ከፍልስጤም፣ ከአውስትራሊያ፣ ከፖላንድ፣ ከብሪታንያ፣ ከአሜሪካና ካናዳ የመጡ ሰዎች ናቸው። በዚያው ወር መጨረሻ ዋሽንግተን ናሽናል ካቴድራል ውስጥ ሲታሰቡ ሆሴ አንድሬስ ቆሞ ሲናገር ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ሥራው ለጥቂት ሳምንታት ቆሞ እንደገና ተጀመረ። በጥር 2025 የፕሬዚዳንቱ የነፃነት ሜዳሊያ ተሰጠው። በ2021 የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ ለበጎ ሥራ እንዲያውለው 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶታል። እነዚህን ሁሉ ማስታወቂያው ላይ መዘርዘር ይቻላል። ሜዳሊያውም ሚሊዮኑም የመጣው ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ምግብ ከተሰራ በኋላ ነው።

ስለዚህ የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ የምንጠይቀው ይህን ነው። ኩሽናው ከመጪው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ጀምሮ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ይከፈትልን። አዳራሹ በተከራየበት ቀን ደግሞ ከላይ ያልኩት የምግብ ቤቶች ዝግጅት ይሞከር። ያስገባነው የኢንሹራንስ ማቅረቢያ ተከፍቶ ይነበብ፤ የሚጎድል ነገር ካለ በጽሑፍ ይነገረን፣ እናሟላለን። ለካርቶኑ የሚጠየቀው የአባልነት ካርድና የአድራሻ ማስረጃ ዛሬ ነገ ሳይባል ይነሳ። የጾም ወቅት ሲሆን የጾም ምግብ ይገባበት። ጓሮ ያሉት ሁለት ድስቶች ወደ ውስጥ ይግቡ። ሌላው ቢቀር ክዳናቸው ይፈለግልን።

የገቢ ማሰባሰቢያው እራት በሆሴ አንድሬስ ፎቶ የሚደረግ ከሆነ፣ ከሚሰበሰበው ላይ ለቅዳሜው ኩሽና የሚመደበው መጠን ከእራቱ በፊት ይፋ ይሁን። ካልተመደበ ፎቶው ይነሳ። ደግሞም ኩሽናውን የሚመለከት ውሳኔ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ሁለት ሰው እንድናስቀምጥ ይፈቀድልን። አንዱ ከሚያበስሉት ነው። ሌላው ከሚበሉት። ሳህን በነጠላ ቋጥረው የሚመጡትን እናት ጠይቄያቸዋለሁ። ‹‹ወንበር ካለ እመጣለሁ›› ብለውኛል።

መልሳችሁን በጽሑፍ እስከ ወሩ መጨረሻ እንጠብቃለን። እስከዚያው ቅዳሜ ጠዋት ከማዕከሉ ፊት ለፊት ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ በአንድ እህታችን መኪና ኋላ ሽሮና ጎመን ይዘን እንቆማለን። መምጣት ለምትፈልጉ ሁሉ ሳህን አለ።

ከአክብሮት ጋር፣

የቅዳሜው ኩሽና በጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ